የጨቅሎች ጠርሙስ

ወንፊት ወረቀቱን አንብባ ሳትጨርስ ነው ደሟ የፈላው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ጋለ፤ ዘጠነኛው ላይ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ብሩሽ እንኳ ወርውራ አታውቅም። የምትነካው ነገር ሁሉ ተሰባሪ ስለሆነ እጇ መወርወር የሚባል ነገር አልለመደም።

«ደራሲው ይህን አዲስ የሸረሪት ዝርያ በጫካ ወለል ላይ ከረገፈ ቅጠል መካከል ለይቶ አገኘ» ይላል ሦስተኛው መስመር።

«ማን? እሱ?» አለች ጮክ ብላ። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። «ጫካው በየት በኩል ነው ቢሉት የመኪና ማቆሚያውን የሚያሳይ ሰው!»

ዘጠነኛው መስመር ደግሞ ሸረሪቱ በሙዚየሙ ዋና ኃላፊ ስም መሰየሙን ያበሥራል። ይህ ዋና ኃላፊ ባለፈው ዓመት ቢሮው ግድግዳ ላይ አንዲት ሸረሪት አይቶ ወንበር ላይ የወጣ ሰው ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ በመጥረጊያ እስክታወጣለት ድረስ ከወንበሩ አልወረደም፤ ሙዚየሙ በሙሉ ለሳምንት ስቆበታል። እሱ ነው እንግዲህ ለዘለዓለም የሸረሪት ሞክሼ የሚሆነው!

የራሷን ስም ፍለጋ ገጾቹን አገላበጠች። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «የቤተ ሙከራ ሠራተኞች ላደረጉት ትብብር ምስጋና ይድረሳቸው» ይላል። ሠራተኞች! ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለችው ሠራተኛ አንድ ናት፤ እሷም ይኸው ቆማ እርር ድብን እያለች ነው።

«ወንፊት» የመሥሪያ ቤት ስሟ ነው። ከሦስት ጫካዎች በጆንያ ሲመጣላት የኖረውን የረገፈ ቅጠል ስትነፋ ስለምትውል ነው እንዲህ ያሏት። ቅጠሉን ትነፋለች፤ የተነፋውን ከላይ ሰፍቶ ከታች በሚጠብ የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ትጨምራለች፤ ከላይ አምፖል ታበራበታለች። ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው ነፍሳት ሁሉ ሙቀቱን እየሸሸ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች የሚጠብቀው ግን አልኮል ያለበት ብልቃጥ ነው። ከዚያ በኋላ ወንፊት ማይክሮስኮፗ ላይ ትደፋና ጉንዳኑን ከጉንዳን፣ ሸረሪቱን ከሸረሪት ትለያለች። ከአንድ ጆንያ ስምንት መቶ ነፍስ ሊወጣ ይችላል። ዲግሪ የላትም። ዓይን ግን አላት፤ ይህን ጠላቷም አይክድም።

ለሳይንስ መጽሔት የሚላከውን ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ዶክተሩ። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምትለው፤ በዕድሜም በማዕረግም ይበልጣታል። በሆዷ ግን ከዚያች ሦስተኛ መስመር ጀምሮ «አንተ» ሆኗል። እኛም ታሪኩን በሆዷ በኩል ስለምንነግር አንቱታው ይቅርበት።

አሁን ስለ ሸረሪቱ። ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው የመርፌ ቀዳዳ አይጠባቸውም። መልኩ የማር መልክ ነው፤ ዓይኑ ስድስት። የረገፈ ቅጠል ሲደርቅ ጠርዙ ይጠቀለል የለ? እዚያ ጥቅልል ውስጥ ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ድር ዘርግቶ ይኖራል። በሦስቱም ጫካዎች ነበር፤ ዛሬ ሁለቱ ጫካዎች ተመንጥረዋል።

እንዲህ ያለው ፍጥረት ለዐሥር ዓመት ሳይታወቅ የቆየው ተደብቆ አይደለም። በየጆንያው ይመጣ ነበር። ችግሩ ትንሽነቱ ነው። የሸረሪት ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፦ ያልጎለመሰ ሸረሪት ዝርያው ስለማይለይ አይመረመርም፤ «ጨቅላ» ተብሎ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከሌሎች ጨቅሎች ጋር ይጣላል። ጠርሙሱ ሲሞላ ይታሸግና መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ወንፊት የተጠራጠረችውን ሁሉ ለዶክተሩ ታሳያለች፤ ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ይላል፤ «ጨቅላ ነው» ይላል፤ መለያ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ስልሳ አንድ ጠርሙስ ሞልቷል፤ ስልሳ አንዱም ላይ ፊርማው አለ።

ከሦስት ወር በፊት ወንፊት የጠርሙሶቹን አልኮል ትሞላ ነበር፤ አልኮል ይተናል፤ በየዓመቱ ካልተሞላ ውስጡ ያለው ነገር ይደርቃል። አንዱን ጠርሙስ ከፍታ ጥቂቱን ሳህን ላይ ገለበጠችና እንደ ዋዛ በማይክሮስኮፕ አየችው። አንዱ ጨቅላ አፉ አጠገብ ያሉት ሁለት ትናንሽ ክንዶች ጫፋቸው አብጦ የቡጢ ጓንት መስሏል። ወንድ ሸረሪት ክንዱ የሚያብጠው ሲጎለምስ ብቻ ነው። ጨቅላ ክንዱ አያብጥም።

ወንበሯን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳብ አድርጋ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ሌላ ጠርሙስ ከፈተች፤ ከዚያ ሌላ። በአምስት ሳምንት አርባ ሦስት ሸረሪት ለቀመች፤ ወንድም ሴትም፤ ሁሉም እኩያ። ጨቅላ ከሆኑ እናት አባታቸው የት ሄዱ? ዐሥር ዓመት ሙሉ ያላደገ ጨቅላ የት አገር አለ?

ዶክተሩ ዘንድ ስትወስደው የተለመደውን አደረገ፤ ጎንበስ አለ፤ «ጨቅላ ነው» አለ። በዚህ ጊዜ ግን ወንፊት ነገሩን አልተወችውም። ክንዱን የድመት ራስ አሳክላ በወረቀት ሣለችውና አመጣችለት። ዶክተሩ ሥዕሉን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ፣ አንገቱን ዶሮ እህል ስትፈልግ እንደምታደርገው ሰበር አድርጎ፣ ብዙ ቆየ። «አዲስ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዝርዝሩን ሁሉ ጽፈሽ አምጪልኝ። የእግሩን ልክ፣ የፀጉሩን ብዛት፣ የዓይኑን አሰላለፍ፣ አንድም እንዳይቀርሽ።» ሥዕሌ አሳመነው ብላ ደስ አላት። ዘጠኝ ሥዕልና አራት ገጽ ጽሑፍ ሰጠችው። ዛሬ የሥዕሎቹን ቁጥር እንድታስተካክል ብሎ የላከላት ወረቀት ውስጥ አራቱም ገጾች አሉ። ነጠላ ሰረዟ እንኳ አልተነካችም።

ወረቀቱን ይዛ ቢሮው ገባች።

«ዶክተር፣ ስሜ የት አለ?»

«የቱ ስምሽ?»

«አባቴ ያወጣልኝ ነዋ! እዚህ 'ደራሲው ለይቶ አገኘ' ይላል።»

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እህቴ፣ አትቆጪ። ምስጋናው ላይ አለሽ እኮ።»

«'ሠራተኞች' ነው የሚለው። ሠራተኞች እነማን ናቸው? እኔና አምፖሌ?»

«የመጽሔቱ ደንብ ነው። መለየትና መመርመር አንድ አይደለም። አንቺ ትለያለሽ፤ እኔ እመረምራለሁ።» ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «'ከላይ የተገለጸውን ናሙና በገዛ ዓይኔ መርምሬ አረጋግጫለሁ' ይላል። ስሙ የሚወጣው ይህን የፈረመ ሰው ነው። ዓርብ ይላካል።»

«እኔስ በምኔ ነው ያየሁት? በክርኔ?»

«የኔ እመቤት፣ ማየትና መመርመር ለየቅል ነው አልኩሽ። ሰላሳ ዓመት ነው የተማርኩት። ሰው ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ? 'በወንፊት ነፋሁት' ትያለሽ?» ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ክፉ ቢሆን መልስ ነበራት።

ማታ ራት ላይ ሁሉንም ለባሏ ዘረገፈችለት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤቱን ግማሽ የያዘው የእሱ የስፌት መኪና ነው። ትከሻው ላይ የመለኪያ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ሰማት።

«ዓይኑን በጨው አጥቦ 'እኔ መረመርኩት' ይለኛል!» አለች። «ቅጠሉን የነፋሁ እኔ። የለቀምኩ እኔ። የሣልኩ፣ የለካሁ፣ የጻፍኩ እኔ!»

«ተረጋጊ እንጂ፣ በሞቴ። ለቁንጫ ሩብ ለማታክል ነገር ደምሽን ታፈያለሽ?»

«አንተ የሰፋኸውን ኮት ሰው ወስዶ 'እኔ ሰፋሁት' ቢልህ ኮቱ ትንሽ ነው ብለህ ትተወዋለህ?»

ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህ ገባው። «እሱማ አልተውም» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ፣ «አየሽ፣ አንዳንድ ደንበኛ 'እኔ ጨርቅ አውቃለሁ' ብሎ ይመጣል። እኔ አልከራከረውም። ጨርቁን እጁ ላይ አደርግለታለሁ፤ ሲዳስስ ቆሜ አየዋለሁ። በቃ። የሚያውቅ ሰው አዳሰሱ ያስታውቃል። ሰውየሽ መርምሬያለሁ ካለ፣ ሲመረምር ቆመሽ እዪው።»

«እሱማ ሁልጊዜ ሲያይ አየዋለሁ።»

«አይተሽው ታውቂያለሽ? ወይስ ዓይንሽን ጫማሽ ላይ ተክለሽ ምን ይለኛል እያልሽ ነው?»

ለካስ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ዶክተሩ ሲያይ እሷ የምታየው ጫማዋን ኖሯል።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በሩን አንኳኳች። ድምፇን ጨዋ አደረገችው። «ዶክተር፣ የዝርያውን ስም የሚሸከመው ዋና ናሙና ይኸው አንዱ ወንድ ስለሆነ፣ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጊዜ ቢያዩት። እኔም ካጠገብዎ ሆኜ ልማር።»

«ይሁን፤ ደስ ይለኛል» አለ፤ ካባውን እየለበሰ ተከተላት። ትናንት የተቆጣችው ሴት ዛሬ ተማሪ መሆኗ እንዳስደሰተው ያስታውቅ ነበር።

ሳህኑን አዘጋጀች። ሸረሪቱ ተደግፎ እንዲቆም ከሥሩ ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ይደረጋል፤ በላዩ አልኮል ይፈሳል። በብሩሿ ሸረሪቱን ከብልቃጡ አነሳችው፣ ሳህኑ ውስጥ ነከር አደረገችው፣ መብራቱን አስተካከለችና ወንበሩን ለቀቀችለት። ዶክተሩ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ፣ ጎንበስ አለ። ወንፊትም ባሏ እንዳላት ጫማዋን ትታ ሰውየውን አየች።

«ግሩም ነው!» አለ ዶክተሩ። «እንዴት ያለ ውብ ፍጥረት ነው! የክንዱ እብጠት እንዴት ጎልቶ ይታያል!»

ወንፊት ብሩሿን ልታስቀምጥ ስትል ጫፉ ላይ አንድ ነገር አየች። የማር መልክ ያላት ነጥብ። ሸረሪቱ ከብሩሹ ፀጉር ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እንዲህ ያጋጥማል፤ እጅ ሲቸኩል ናሙናውን ከሳህኑ ይልቅ ብሩሹ ይይዘዋል። ሳህኑ ላይ ያለው አሸዋ ብቻ ነው።

ክው አለች። መጀመሪያ በራሷ አፈረች፤ «ይቅርታ፣ ዶክተር» ልትል አፏን ከፈተች። አፏ ተከፍቶ ሳለ ዶክተሩ ቀጠለ።

«እግሮቹም ልክ ሥዕልሽ ላይ እንዳሉት ናቸው። ጥሩ ሠርተሻል፤ አመሰግንሻለሁ።»

ወንፊት አፏን ዘጋች። ከዚያ፣ ራሷ እንኳ የማታውቀው ድምፅ ከአፏ ወጣ፦ «ጀርባው ላይ ያለችውን ነጭ ነጠብጣብ አዩዋት?»

ይህ ሸረሪት ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚባል ነገር የለውም።

«አየኋት እንጂ» አለ ዶክተሩ፣ ሳይቸኩል። «በጣም ግልጽ ናት። ጽሑፉ ላይ ማስገባት አለብን።»

መጀመሪያ ሸረሪቱን ወደ ብልቃጡ መለሰችው፤ ብሩሽ ላይ ከቆየ ይደርቃል። የፈለገውን ያህል ቆሽቷ ቢያርም የሸረሪቱ ጥፋት አይደለም። ብልቃጡን ከደነችና ዞረች።

«ዶክተር፣ ሳህኑ ባዶ ነው።»

ዶክተሩ ቀና አላለም።

«ሸረሪቱ ብሩሼ ላይ ቀርቶ ነው። ክንድም የለ፣ እግርም የለ፣ ነጠብጣብም የለ። አሸዋ ነው ያለው።»

አመዱ ቡን አለ። ቀስ ብሎ ተነሳ፤ በሩን ዘጋው፤ ተመልሶም ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ። ወንፊት ይህን ዳበሳ ስንት ጊዜ አይታዋለች! እርጅና ነው ብላ ታልፈው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ዐሥር ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ የግራው፣ ከዚያ የቀኙ። መሃል መሃሉ ጭጋግ ነው፤ ዳር ዳሩን አያለሁ። ሰው አያለሁ፣ በር አያለሁ። ትልቅ ጽሑፍም በአጉሊ መነጽር...» አቋረጠ። «ይቺን ማሽን ግን... ብርሃን ብቻ ነው የሚታየኝ። ነጭ ብርሃን።»

ዐሥር ዓመት! አንድ በአንድ መጣላት። በየጊዜው አጠራጣሪ ነገር ስታመጣለት ጎንበስ ይልና «እስኪ አንቺ የሚታይሽን ንገሪኝ፤ ልፈትንሽ» ይላት ነበር። ያስተምረኛል እያለች በደስታ ትዘረዝርለት ነበር፤ ማታ ቤቷ ገብታም ለባሏ «ዛሬም ፈተነኝ፤ አለፍኩ» ትል ነበር። ሲፈትናት አልነበረም ለካ! በእሷ ዓይን እያየ ነበር፤ አይቶም ሲያበቃ በራሱ እጅ ይፈርም ነበር።

ይኼ ሁሉ አልፎ ደግሞ ሌላው መጣ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ማስታወሻዋ ላይ ከነቀኑ የጻፈችው። ያኔ ይህንኑ ሸረሪት ይዛ መጥታ ነበር። «ክንዱ ያበጠ መሰለኝ» ብላው ነበር። ዶክተሩ ጎንበስ አለ፣ «ጨቅላ ነው» አለ፣ እሷም ዓይኗን ትታ ዲግሪውን አመነች። በገዛ እጇ ጠርሙሱ ውስጥ ጣለችው። በዚህ ራሷንም ይቅር አላለችም።

«ያኔ ሦስቱም ጫካዎች ነበሩ» አለች። ድምፇ እየጨመረ ሄደ። «ያኔ ብናውቀው የሚኖርበትን እንጠይቅ ነበር፤ ስንት እንደቀረ እንቆጥር ነበር፤ 'አትመንጥሩ፣ እዚህ ከዚህ በቀር የትም የሌለ ፍጥረት አለ' የሚል አንድ ወረቀት እንጽፍ ነበር! ሁለቱ ጫካ ሄደ! ከሁለቱ ጫካ የመጣው ሁሉ ያለው እነዚያ ጠርሙሶች ውስጥ ነው፤ 'ጨቅላ' ተብሎ፣ ተፈርሞበት! ሌላስ ስንት አለ? ይንገሩኝ እንጂ፤ ስንቱን ነው ሳያዩ የፈረሙበት?»

«አላውቅም» አለ ዶክተሩ።

«አያውቁም!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ብናገር በማግሥቱ ያሰናብቱኝ ነበር። ዓይን የሌለው የሸረሪት ሊቅ ምን ይሠራል? ሙያዬ እኮ ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። በክብር ልውጣበት ብዬ ነው።»

የካባውን ቁልፍ በጣቱ ፈልጎ ቆለፈው፤ መልሶ ፈታው። ወንፊት አየችውና አዘነችለት። ማዘኗ ራሱ ደግሞ አበሳጫት፤ ይሄም ከእሷ የሚወሰድ ሌላ ነገር መሰላት።

«ዓይንዎ በመታመሙ አይደለም የተናደድኩት» አለች። «የሰው ዓይን ይታመማል። ቢነግሩኝ ኖሮ ዓይን እሆንዎት ነበር። ነበርኩም እኮ! ሳይነግሩኝ ዐሥር ዓመት ዓይን ሆንኩዎት። ታዲያ ትናንት ምን አሉኝ? 'አንቺ ትለያለሽ፣ እኔ እመረምራለሁ።' ይህን ሲሉኝ አላፈሩም? አንድ ደቂቃ እንኳ ሆድዎን አልቆረጠዎትም?»

ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከመስኮቱ ውጭ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ መኪና እያስገባ ያፏጫል።

ወንፊት ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄዳ ቅጹንና ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ይኼንን ማን ይፈርማል?»

«አንቺ ፈርሚው» አለ፤ ቶሎ ነው ያለው፣ የከበደውን ነገር እንደሚያወርድ ሰው። «ሁለታችንም ስማችን ይውጣ። የአንቺ ከፊት ይሁን። እውነቴን ነው።»

ትናንት ይህን ቢላት ኖሮ ጉልበቱን ትስም ነበር። ትናንትና ዛሬ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

«ቅጹ በገዛ ዓይኔ ነው የሚለው» አለች። «እርስዎ በምን ዓይን ነው የሚፈርሙት?»

ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን ስም የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። ከዚያ ጽሑፉን አነሳችና የዶክተሩን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ «የኃላፊውም ይውጣ» እያለች የዋና ኃላፊውንም።

«ኃላፊውን ነግሬዋለሁ እኮ!» አለ ዶክተሩ፤ የስክሪብቶው ድምፅ አልጠፋውም። «በስሙ እንደሚሰየም ነግሬዋለሁ፤ ደስ ብሎታል። ምን እለዋለሁ?»

«ሸረሪቱ እምቢ አለ ይበሉት። ስሙ ከሚኖርበት ከደረቅ ቅጠሉ ይወጣለታል።» ባዶ ወረቀት ገፋችለት። «እዚህ ላይ ደግሞ ለዋና ኃላፊው ይጽፉልኛል። ስልሳ አንዱም ጠርሙስ ተከፍቶ እንደገና እንዲታይ። ለምን እንደሆነም ይጻፉ።»

«ለምን እንደሆነ...» ዶክተሩ ቀና አለ። «ያ ማለት እኮ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው።»

«አዎ። ያ ማለት ነው።»

«ምክንያቱን ብተወውስ? ጠርሙሶቹን ክፈቺ፤ እፈቅዳለሁ። ምክንያቱን ብቻ...»

«ምክንያቱ ካልተጻፈ ነገ ሌላ ሰው ይመጣና 'ዶክተሩ የፈረመበት ነው' ብሎ መልሶ ያሽገዋል። ፊርማዎ ከእኔ ዓይን በላይ እንደሚታመን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ዶክተሩ ባዶውን ወረቀት በመዳፉ ደባበሰው። ወንፊት አልረዳችውም፤ ሻይ ላምጣልዎ አላለችም፤ ይቅር ተዉት አላለችም። በመጨረሻ አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ ወረቀቱን ወደ ጉንጩ አስጠጋና መጻፍ ጀመረ። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ነበሩ። «የዓይን ብርሃኔን ካጣሁ ዐሥር ዓመት ስለሆነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ከዚያ ጨረሰው፤ ፈረመበት። ወንፊት ከላዩ ላይ አንብባ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች።

ወረቀቶቹን ሰብስባ፣ ብልቃጡን በደረት ኪሷ ይዛ፣ በሩን ከፈተች። ጠርሙሶቹ ያሉበት ክፍል ከመተላለፊያው ማዶ ነው። ዛሬውኑ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

«ቆዪ» አለ ዶክተሩ ከኋላዋ።

ቆመች።

ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጦ፣ ባዶውን ሳህን በጣቱ ጠርዝ ጠርዙን ይነካ ነበር። የሰውየው ድምፅ ትናንት ከሳቀው ሰው ድምፅ ጋር አይገናኝም።

«እስኪ ንገሪኝ» አለ። «ምን ይመስላል?»

የዐሥር ዓመት ልማድ ነውና የወንፊት አፍ በራሱ ተከፈተ፤ መልኩ የማር ነው፣ ዓይኑ ስድስት ነው ሊል። ነከሰችው።

«ጽሑፉ ላይ አለ» አለች። «አንድ ግልባጭ መሳቢያዎ ውስጥ ይኖራል። አራት ገጽ ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያንብቡት።»